ለአሮጌ መኪና መለዋወጫ ወዴት መሄድ ይሻላል? በአዲስ አበባ መሃል ያሉ አማራጮች ሲነጻጸሩ

በአዲስ አበባ መሃል አሮጌ መኪና ይዞ የሚኖር ሰው፣ መኪናዋ ቮልስ ትሁን ፊያት 124፣ ፔጆ 504 ትሁን ላንድክሩዘር 40፣ አንድ ዕቃ በተሰበረ ቁጥር የሚያንኳኳቸው በሮች ብዙ አይደሉም። ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ዕቃ መፈለግ፣ ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ መግዛት፣ ከሌላ ባለመኪና ወይም ከጋራዥ መለዋወጥ፣ ለዕቃ ተብሎ የቆመ መኪና ሙሉውን መግዛት፣ ቶርኖ ቤት ብረት ማስቀረጽና ከውጭ ማስመጣት ናቸው። አብዛኛው ሰው ከእነዚህ አንዱን የሚመርጠው በዋጋው ወይም መካኒኩ «እዚያ ሂድ» ስላለው ነው። አንዲት 1300 ቮልስ ይዤ ባሳለፍኳቸው ዓመታት የተማርኩት ግን «የት ልሂድ?» ከሚለው በፊት «ይህ ዕቃ ሲበላሽ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ነው። ሲበላሽ መኪናዋን መንገድ ዳር የሚያቆም ዕቃ አለ፤ ሲበላሽ ሰው የሚገድል ዕቃ አለ፤ ሲበላሽ ዓይን ከማስቀየም በቀር ምንም የማያደርግ ዕቃም አለ። ሦስቱ ከአንድ ገበያ አይገዙም።

ጉዳዩ ዛሬ ካለፈው ጊዜ ይልቅ ያስጨንቃል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜ በጠገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እንደ እኔ ትዝብት ከሆነ፣ ድሮ ቢሆን ለቁርጥራጭ ይሸጥ የነበረ መኪና ዛሬ ተጠግኖ ይነዳል፤ ስለዚህም ተፈትቶ ለገበያ የሚቀርበው የአሮጌ መኪና ዕቃ እየሳሳ መጥቷል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ዛሬ የሰሙት ነገ የማይገኝ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዋጋ በቁጥር አልጠቅስም፤ አንዱ ከሌላው ይረክሳል ወይም ይወደዳል ማለቱ ይበቃል።

የትኛውንም አማራጭ ከመምረጥ በፊት ግን አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ፣ በጋዝ አጥቦ፣ በፌስታል ቋጥሮ መያዝ ነው። በአሮጌ መኪና ዓለም «የቮልስ ቸርኬ ስጠኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። የቀደሙት ቮልሶች ቸርኬ በአምስት ብሎን የሚታሰርና ብሎኖቹ በ205 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የወጡት ደግሞ በአራት ብሎን በ130 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ይታሰራሉ። ባለ 6 ቮልቱ ሞተር ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) 109 ጥርስ ያለው ሲሆን የባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ የፍሪሲዮኑ ስፋትም 180 እና 200 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይለያያል። አንዱን ከሌላው ጋር ያቀላቀለ ሰው ሞተር አስነሺው ሞተሪኖ ሲያጓራ ይሰማል እንጂ ሞተር አይነሣለትም። ስለዚህ ናሙናው፣ አንዲት ካሊፐርና የመኪናዋ የሻንሲና የሞተር ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በኪስ መኖር አለባቸው። በቮልስ ላይ የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቶ ይገኛል፤ ቁጥሩ በዲ ፊደል ከጀመረ 1200፣ በኤፍ ከጀመረ 1300፣ በኤች ከጀመረ 1500 ነው። ሻጩ «የ1500 ሞተር ነው» ሲል ጎንበስ ብሎ ፊደሉን ማየት ከክርክር ያድናል።

ቋንቋውን ማወቅም የዝግጅቱ አካል ነው። የመኪና ዕቃ ስም በእኛ አገር ከጣሊያኖች እንደወረስነው ይኖራል፤ ኮሎ (የሞተሩ ዋና ዘንግ)፣ ቢየላ (ፒስቶኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ)፣ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ)፣ ካንዴላ (ብልጭታ ሰጪው)፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ)፣ ፓራፋንጎ (የጎማ ላይ ክዳን)፣ ፓራውልት (ባምፐር)፣ ባሌስትራ (የላሜራ ሞላ)፣ ኩሽኔታ (ቦል ቤሪንግ)። በስልክ ላይ የእንግሊዝኛ ስም ፈልጎ ለሻጭ ማሳየት የሚቻል ቢሆንም፣ «ኮሎ ፈልጌ ነበር» ብሎ ለጠየቀ ሰውና ስልኩን ዘርግቶ ላሳየ ሰው የሚጠሩት ዋጋዎች አንድ አይደሉም። ይህን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው።

ሶማሌ ተራን በሰፊው ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ለአሮጌ መኪና ያለን ትልቁ ገበያ እርሱ ነው፣ ሰዎች የሚሳሳቱበትም እዚያው ነው። በመርካቶና በተክለ ሃይማኖት መካከል ባለው በዚህ ሠፈር በሮች በጎናቸው ተደርድረው፣ ካምቢዮዎች ከነዘይታቸው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ስፖኪዮዎች በሽቦ ተሰክተው ይታያሉ። ገና ከታክሲ ሲወርዱ «የምን መኪና ነው?» የሚል ልጅ ይቀድማል። ይህ ልጅ ብዙውን ጊዜ ደላላ ነው፤ ዕቃ የለውም፣ ነገር ግን ዕቃው የት እንዳለ ያውቃል፤ ድርሻውም በዋጋው ላይ ይታከላል። ለተለመደ ዕቃ ደላላ አያስፈልግም። የፔጆ 404 የኋላ መብራት ለመሰለ ብርቅ ዕቃ ግን ያለ ደላላ መፈለግ ጫማ መጨረስ ነው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ የደላላውን ድርሻ በግልጽ ተነጋግሮ ከዕቃው ዋጋ ነጥሎ መክፈል ይሻላል።

ሶማሌ ተራ የሚበልጠው በብረት ነው። ኮፈን፣ በር፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ የበር መስታወት፣ የመቀመጫ ሐዲድ፣ የካምቢዮ ቤት፣ መሪ፣ የዳሽቦርድ ሰዓት የመሳሰሉት ከድሮው መኪና የወጡ ከሆኑ ዛሬ ከሚሠሩት አዲሶች ይልቅ በውፍረትም በልክም ይሻላሉ፤ ጉድለታቸውም በዓይን የሚታይ ነው። የሚያንሰው ደግሞ በጎማና በፍሬን ነው። ያገለገለ የፍሬን ፖምፓ፣ ያገለገለ የፍሬን ቱቦ፣ ያገለገለ የመሪ ጫፍ መገጣጠሚያ በምንም ዓይነት ርካሽ ዋጋ ቢቀርብ መግዛት የለበትም፤ የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ሊያፍን ይችላል፣ ያን ደግሞ በእጅ ዳስሶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ከሁለቱ መካከል ያለው የሞተር ዕቃ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። መሬት ላይ የተቀመጠ የቮልስ ሞተር ሲቀርብ ብዙ ሰው የሚያየው ዘይት ማፍሰስ አለማፍሰሱን ነው። የሚሻለው ከኋላ ያለውን የቺንጋ ፑሊ (ቀበቶው የሚዞርበትን ክብ ብረት) በሁለት እጅ ጨብጦ ወደ ራስ መሳብና መልሶ መግፋት ነው። በጤናማ ሞተር ላይ ኮሎው ወደፊትና ወደኋላ የሚጫወተው ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ እጅ አይሰማውም ማለት ይቻላል፤ የመጨረሻው ወሰን 0.15 ነው። ፑሊው «ቋ፣ ቋ» እያለ ከተመላለሰ የብሮንዚኑ (ኮሎው የሚሽከረከርበት ስስ ብረት) መቀመጫ ተበልቷል፤ የቮልስ ሞተር ቤት ደግሞ ለስላሳ የማግኒዚየም ቅይጥ ስለሆነ ያን መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም። ሻጩ «ጋሼ፣ እሱ እኮ ሁሉም እንደዚያ ነው» ሊል ይችላል። ሁሉም እንደዚያ አይደለም።

ቴስታታ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ በጥሩ ዋጋ የቮልስ ቴስታታ ገዛሁ። በጨርቅ ተወልውሎ ያበራ ነበር፤ ሻጩም የጀርመን መሆኑን አሥር ጊዜ ነግሮኛል፣ በዚያ አልዋሸም። ወደ ሬክቲፊካ ቤት (የሞተር ዕቃ ተሞርዶ ወደሚታደስበት) ወስጄ ባለሙያው በጋዝና በሽቦ ብሩሽ ሲያጥበው፣ ከካንዴላው ቀዳዳ እስከ ቫልቩ መቀመጫ ድረስ የምትሄድ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ወጣች። እዚያ ቦታ መሰንጠቅ የቮልስ ቴስታታ የታወቀ በሽታ ነው፤ እኔም አውቀው ነበር፣ ግን ንጽሕናው አታለለኝ። ከዚያ ወዲህ የታጠበ ቴስታታ አልገዛም፤ ጥላሸቱ እንዳለ የቀረበውን እመርጥና «ሬክቲፊካ ቤት አስመርምሬ ካልሆነ እመልሳለሁ» ብዬ ከገንዘቡ በፊት ቃል አስገባለሁ። ይህን የሚቀበል ሻጭ ብዙ ነው። የማይቀበለው ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።

ስለ ላዳም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ የፊያት 124 ባለቤቶች «የላዳ ይገባል» በሚል ምክር ገንዘባቸውን ያጠፋሉና። ላዳ 2101 እ.ኤ.አ. በ1970 መመረት ሲጀምር መሠረቱ ፊያት 124 እንደነበረ እውነት ነው፤ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎች በከተማችን ለብዙ ዓመታት ስለሠሩም ዕቃቸው ሞልቷል። ሆኖም የሩሲያ መንገድ ሌላ ስለሆነ ሶቪየቶች መኪናውን በብዙ ቦታ ለውጠውታል። የፊያቱ ሞተር 1197 ሲሲ፣ የላዳው 1198 ሲሲ በመሆኑ አንድ ይመስላሉ፤ የፊያቱ ፒስቶን ስፋት ግን 73 ሚሊ ሜትር ሲሆን የላዳው 76 ነው፣ የላዳው ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ደግሞ ከላይ ቴስታታው ላይ ተቀምጧል። የፊያቱ የኋላ ፍሬን ዲስክ ሲሆን የላዳው ታምቡር ነው። ስለዚህ ከላዳ ለፊያት ሲፈለግ ላሜራና መስታወት ላይ ተስፋ አለ፣ ያም አስለክቶ ነው፤ ፒስቶን፣ ጓርኒሲዮን (በሞተር ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እና የኋላ ፍሬን ላይ ግን የለም።

አዲስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ከዚህ በተቃራኒ የሚመረጡት ለሚያልቅና ለአደጋ ለሚያጋልጥ ዕቃ ነው፤ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ፖምፓ፣ ቱቦ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ የበር ጎማ። ለቮልስ አዲስ ዕቃ ማግኘት የሚያስገርም ነገር አይደለም፤ የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑኤብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን እስከዚያ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል፣ ስለዚህ ዕቃዋን የሚያመርት አልጠፋም። ፔጆ 504ም ፈረንሳይ ካቆመችው በኋላ በናይጄሪያ ለብዙ ዓመታት ሲገጣጠም ቆይቷል። ለፊያት 600 ተስፋው ይጠባል፤ ቢሆንም ዩጎዝላቪያ ዛስታቫ 750 በሚል ስም እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ድረስ ስላመረተችው በዚያ ስም የታሸገ ዕቃ ሲገኝ ማለፍ አይገባም።

በአዲስ ዕቃ ሱቅ ውስጥ የሚጎዳው ፎርጂዱ ነው። ሣጥኑ ኦሪጅናል መስሎ ዕቃው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ሣጥኑን ትቶ ዕቃውን መመልከት ያስፈልጋል። ጥሩ ኩሽኔታ ቁጥሩ በብረቱ ላይ በንጽሕና ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ደግሞ ዓለም አቀፍ ነው። ለምሳሌ 6205 የሚል ኩሽኔታ በየትም ቢሠራ ውስጡ 25፣ ውጩ 52፣ ወርዱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ያወቀ ሰው «የቮልስ ኩሽኔታ» ብሎ አይጠይቅም፤ አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቦ የወፍጮና የፋብሪካ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅም ቢሆን ይገዛል፣ ብዙ ጊዜም በተሻለ ዋጋና ጥራት ያገኘዋል። ኦይል ሲልም እንዲሁ በሦስት ቁጥር ይገዛል። ካንዴላ ሲሆን ከጥርሱ ውፍረት በተጨማሪ የርዝመቱ ነገር አለ፤ የቮልስ ካንዴላ ጥርስ ርዝመቱ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባለ 19 ሚሊ ሜትሩም በዚያው ቀዳዳ ይገባል፣ ገብቶም ከፒስቶን ጋር ይጋጫል።

ከድሮ ጀምሮ ሳይነካ ከሱቅ መደርደሪያ የቀረ ኦሪጅናል ዕቃ አንዳንዴ ይገኛል፤ ባለቤቱም እንደ ወርቅ ይቆጥረዋል። ብረት ከሆነ ልክ ነው። ጎማ ከሆነ ግን ሣጥኑ ውስጥም ያረጃል፤ የሠላሳ ዓመት የፍሬን ጎማ ሳይነካ የኖረ ቢሆንም ጣት ሲያጥፈው ይሰነጠቃል።

ከሌሎች ባለመኪናዎችና ከነባር ጋራዦች ጋር የሚደረገው ልውውጥ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ነው፤ ይህን ስል አድሎዬን አልደብቅም። የቮልስ ባለቤቶች እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን፤ መንገድ ላይ ስንተላለፍ መብራት እናብለጨልጫለን፣ አንዱ የሌለውን ሌላው መጋዘኑ ውስጥ አለው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ዕቃ ትልቁ ጥቅሙ ታሪኩ መታወቁ ነው፤ «ይህ ካምቢዮ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ትንሽ ይጮኻል፣ ከዚያ በቀር ደኅና ነው» የሚል ሻጭ በገበያ አይገኝም። ጉዳቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። አንድ ዲስትሪቢዩተር ለማግኘት አምስት ወር ጠብቄአለሁ፤ በመጨረሻ የሰጡኝ ሽማግሌ ገንዘብ አልቀበልም ብለው «ካርቡሬተር ስታገኝ አስበኝ» አሉኝ፣ እስካሁንም አስባቸዋለሁ። መኪናውን በየቀኑ ለሥራ የሚነዳ ሰው በዚህ መንገድ ብቻ ሊተማመን አይችልም። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ ነባር ግቢዎች በመፍረሳቸውም እኔ የማውቃቸው ሁለት ጋራዦች ከነዕቃቸው ወደ ከተማዋ ዳር ሄደዋል፤ እንዲህ ዓይነት ጋራዥ የሚያውቅ ሰው ስልኩን ይዞ መቆየት አለበት።

ለዕቃ ብሎ ሙሉ መኪና መግዛት በስሌት የሚወሰን ነው። የሚያስፈልገው ሞተር ብቻ ወይም ካምቢዮ ብቻ ከሆነ አያዋጣም። በሮች፣ መስታወቶች፣ ካምቢዮና የፊት እግር በአንድነት የሚያስፈልጉ ከሆነ ግን ሙሉው መኪና ከተናጠል ዕቃዎቹ ድምር በጣም ይረክሳል፣ የቀረውም ለልውውጥ ይሆናል። ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው ቦታ ነው፤ በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የተፈታ መኪና የሚያስቀምጥበት የለውም፣ የጎረቤት ትዕግሥትም ወሰን አለው። ሁለተኛው ወረቀት ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬ ላይ ስለሚጻፍና ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ስለሚታይ፣ ሊብሬ የሌለው መኪና ወይም ምንጩ የማይታወቅ ሞተር በኋላ ራስ ምታት ነው። የሻጩ ማንነት፣ የሞተሩ ቁጥርና ዋጋው የተጻፈበት ውል ሳይያዝ ገንዘብ መስጠት አይገባም፤ ይህ ከሶማሌ ተራ ለሚገዛ ሙሉ ሞተርም ይሠራል። ትንንሾቹን ዕቃዎች በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ ብቻውን የቀረበ፣ ሽቦው የተቆረጠና አቧራ የሌለበት ስፖኪዮ ከየት እንደመጣ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ እርሱን የሚገዛ ሰው የነገውን የራሱን ስፖኪዮ እያዘዘ ነው።

ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ለቡሽ፣ ለብሎን፣ ለስፔሰርና ለፑሊ የሚያስተማምን አማራጭ ነው። ምን አለሽ ተራም የባትሪ ማሰሪያን፣ ማርሚታንና የወለል ላሜራን የመሳሰለውን ከተጣለ ብረት አሳምሮ የሚሠራ እጅ አለ። ዲናሞና ሞተሪኖ ሲበላሽ ሌላ ከመፈለግ የራስን ማስጠቅለልና ካርቦኑን ማስቀየር ሁልጊዜ ይሻላል። ኮሎ የተጫረ ከሆነም መጣል የለበትም፤ ሬክቲፊካ ቤት በ0.25፣ በ0.50 ወይም በ0.75 ሚሊ ሜትር ተሞርዶ በዚያው ልክ የሰፋ ብሮንዚን ይገባለታል፣ ነገር ግን ብሮንዚኑን በእጅ ሳይዙ ኮሎውን ማስሞረድ አይገባም፤ 0.75 አስሞርዶ በገበያ 0.50 ብቻ ያገኘ ሰው አውቃለሁ። መሪና ፍሬን የሚይዝ ማንኛውም ብረት በቶርኖም ሆነ በብየዳ መሠራት የለበትም፤ የቅርጹ መመሳሰል የብረቱን ጥንካሬ አይነግርም።

ከውጭ ማስመጣት የመጨረሻው በር ነው፤ ውድ ቢሆንም አንዳንዴ ከሁሉም ያዋጣል። በውጭ አገር ለአሮጌ መኪና ዕቃ ብቻ የሚቆሙ ትልልቅ ገበያዎች አሉ። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ሄርሺ በተባለችው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በየዓመቱ በጥቅምት የሚደረገው፣ በእንግሊዝ ቦሊው ከ1967 ወዲህ የሚካሄደውና በጀርመን ማንሃይም ቬተራማ የሚባለው ከታወቁት ናቸው። በእነዚህ ከተሞች አቅራቢያ ዘመድ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ግን «ቮልስ ዕቃ ካየህ ግዛልኝ» ብሎ መላክ ዘመድን ማድከም ነው። የሚላከው የዕቃው ቁጥር፣ ከጎኑ መለኪያ የተቀመጠበት ፎቶና ከዚህ በላይ አትክፈል የሚል ወሰን ነው። የቮልስ ዕቃ ቁጥር ሲነበብ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች መኪናውን ያመለክታሉ፤ አራተኛው ደግሞ ወገኑን ይነግራል፣ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 6 ጎማና ፍሬን፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ ነው። ከባድ ብረት ይዞ የመጣ ሻጭ መልሶ ጭኖ መሄድን ስለሚጠላ፣ ለኮፈንና ለካምቢዮ የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ የመደራደሪያ ሰዓት ነው፤ ብርቅ የሆነ ትንሽ ዕቃ ግን በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያልቃል።

ከእንግሊዝ ሲመጣ አንድ ወጥመድ አለ። እኛ በቀኝ በኩል እንነዳለን፣ መሪያችንም በግራ ነው፤ እነርሱ በተቃራኒው ናቸው። ስለዚህ የመሪ ሣጥን፣ የዝናብ መጥረጊያ ዘንግ፣ ፔዳልና የፊት መብራት ከዚያ የመጣ አይሆነንም። የመብራቱ ነገር በተለይ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ሲገጥሙት ልክ ይገባል፣ ግን ዝቅ ያለው ብርሃን ወደ ግራ ስለሚወረወር ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያጠፋል። ከኬንያ የሚመጣውም እንደዚያው ነው። በተረፈ በሻንጣ የሚመጣ ካርቡሬተርና የቤንዚን ፖምፓ የነዳጅ ሽታ እንዳይኖረው ፈጽሞ መታጠብና መድረቅ አለበት፣ አለበለዚያ አየር መንገድ አይጭነውም፤ የግዢ ደረሰኙም ለጉምሩክ አብሮ መምጣት ይኖርበታል።

እኔ ዛሬ የምፈልገው የኋላ ግራ ፓራፋንጎ ነው። ሲበላሽ ዓይን ከማስቀየም በቀር ምንም ከማያደርጉት ወገን ስለሆነ ያለ ጥርጥር የሶማሌ ተራ ዕቃ ነው፤ አዲሱ አለ፣ ግን ስስና የብሎን ቀዳዳዎቹ የማይገጥሙ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ አንድ በደንብ የተቀባ፣ ጉድጓድ የሌለበት አገኘሁ። ሁልጊዜ የምይዛትን የፍሪጅ ማግኔት ከኪሴ አውጥቼ ከላይኛው ኩርባ ላይ አስጠጋኋት፤ ያዘች። ዝቅ አድርጌ ከመብራቱ በታች ስሞክራት ተንሸራታ መሬት ወደቀች፤ ሥሩ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው ማለት ነው። ሻጩ አንስቶ ሰጠኝና «ጋሼ፣ ማግኔቷ ደክማ ነው» አለኝ። ከጎኑ ተደግፎ በቆመው ቸርኬ ላይ ለጠፍኳት፤ ጣ ብላ ያዘች። ሁለታችንም ሳቅን፣ ዋጋውም ወደ ግማሽ ወረደ፤ እኔ ግን ማግኔቴን ይዤ ወደሚቀጥለው ሱቅ አለፍኩ።